ወገቤን ታምሜ መሪ የያዝኩበት ጊዜ

ብዙ ሰው አውቶቡስ በእጅና በዓይን ብቻ የሚነዳ ይመስለዋል። እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። አሁን ፀጉሬ ሸብቶ፣ የኢየሩሳሌምን ዳገትና ቁልቁለት ስወጣና ስወርድ ብዙ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ግን፣ የሚጠይቀኝ ቢኖር አውቶቡስ የሚነዳው በወገብ ነው እላለሁ። ፍሬን የሚረግጠው እግር ጉልበት የሚያገኘው ከወገብ ነው። መሪ የሚያዞረው ትከሻ የሚደገፈው ወገብ ላይ ነው። ተሳፋሪ ሲቆጣህ ዝም ብለህ የምታልፍበት ትዕግሥት እንኳ የሚኖርህ ወገብህ ደህና ሲሆን ነው። ይህን የተማርኩት ታምሜ ነው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ከጎንደር ገጠር፣ ከወላጆቼ ጋር፣ ጢሜ ገና ብቅ ብቅ ሲል ነው። መጀመሪያ መቫሰረት ጽዮን፣ አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት ማዕከል ተቀመጥን። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ቃታሞኒም ሰፈር ውስጥ የመንግሥት ቤት ተሰጠን። ወታደር ቤት ከባድ መኪና መንዳት ተማርኩ፤ ስወጣም አትክልት የጫነ መኪና እየነዳሁ ቆየሁና በመጨረሻ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከቤተሰባችን የሰው ነፍስ ተሸክሞ የሚሄድ መኪና የነዳሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ሰፈራችን ፌርማታ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ፤ አብሮኝ ተመለሰ፤ ደግሞም ሄደ። የሚሳፈረውን ሰው ሁሉ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። አጠገቡ ለተቀመጠች አንዲት ነጭ አሮጊት እኔን በዘንጉ እያሳየ «የኔ ልጅ ነው» አላት። ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም፤ ግን ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ በመስተዋቱ እኔን እያየች ፈገግ አለች።

ያን ያህል የወደድኩት ሥራ ነው። የዕቃ ጋሪ የምትጎትት አሮጊት ፌርማታ ላይ ካየሁ፣ አውቶቡሱን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ አስጠግቼ፣ ቁልፍ ተጭኜ ወለሉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ እጠብቃለሁ። እየሮጠ የሚመጣ ሰው በመስተዋት ካየሁ በር አልዘጋም። የስምሪት ኃላፊያችን ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ናት። ሰው የምታመሰግነው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ግን አዲስ ሾፌር በመጣ ቁጥር «ሂድና ከሱ ኋላ ተቀምጠህ እየው» እያለች ወደ እኔ ትልክ ነበር። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ለቀላል ባቡር ሐዲድ ተብሎ ግማሹ ከተማ በተቆፈረበት ወቅት ነው። አንድ ቀን ክፍት የነበረው መንገድ በማግስቱ በብረት አጥር ታጥሮ ይገኛል። የምነዳው አውቶቡስ አሮጌ ነበር፤ ንዝረት የሚያለዝበው የወንበሩ ስፕሪንግ ስለሞተ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ምቱ ቀጥታ አከርካሪዬ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ ከሥራ ስወጣ ብቻ ወጋ ያደርገኝ ነበር። ቆይቶ ከወገቤ ተነሥቶ፣ በቀኝ ጭኔ ወርዶ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሆነ። ቀኝ እግር ደግሞ የፍሬን እግር ነው።

ጠዋት ጠዋት ባልደረቦቼ «ማ ኒሽማ?» ይሉኛል፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው። «ሃኮል በሴዴር» እላለሁ፤ ሁሉም ደህና። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» ትለኛለች። «ደክሞኝ ነው» እላታለሁ። ማስታገሻ ኪኒን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ፤ እንቅልፍ የሚያመጣውን ግን ለመንገዱ ስለምፈራ አልነካውም። አባቴ አገር ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ ሞልቷል። አንድም ቀን «አመመኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ በለስላሳ ወንበር ተቀምጬ ወገቤን አመመኝ ልል ነው? ደግሞም አመመኝ ያለ ሾፌር ከመሪው ይነሣል ብዬ ፈርቻለሁ።

የተደበቀ ሕመም ግን በሥራ ይወጣል። ከእረፍት በኋላ ከወንበር ለመነሣት ስለምቸገር ከመነሻው ዘግይቼ እወጣ ጀመር። የዘገየሁትን ለማካካስ ደግሞ እቸኩላለሁ። እየሮጠ የሚመጣውን ሰው እያየሁ በር እዘጋለሁ፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ፌርማታ ቶሎ ከደረስኩ ቆሜ እግሬን እዘረጋለሁ። አንዲት የሕፃን ጋሪ የያዘች እናት «ትንሽ ጠጋ ብትል» ብትለኝ ጮህኩባት። ኃላፊዋ ቢሮ አቤቱታ መምጣት ጀመረ። ጠርታ ስትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው፤ ሃኮል በሴዴር።

አንድ ዓርብ ቀን፣ ከከተማው ትልቅ ገበያ ወደ ነቢያት ጎዳና እየነዳሁ ነበር። ዓርብ ስለሆነ ሁሉም ለሰንበት ሸምቶ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በኢትዮጵያ ጎዳና ካለው ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም አንዲት እማሆይ ነበሩ። በየሳምንቱ ስለሚሳፈሩ እንተዋወቃለን። እሳቸው ክርስቲያን መነኩሲት፣ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ አገራችን ግን አንድ ስለሆነ ሲሳፈሩ ስለ ጎንደር ዝናብ እንኳ ሳንጫወት አንለያይም። የዚያን ዕለት ከኋላዬ ቆመው ሳለ፣ ኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከጎን ብቅ አለ። ርቀቱ በቂ ነበር፤ በደህናው ጊዜ ቀስ ብዬ የማቆመው ነገር ነው። ግን እግሬን ሳነሣ ያ የወገቤ ሕመም ነዘረኝና እግሬ ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ዘገየ። ሲደርስ ደግሞ በሙሉ ክብደቱ ወደቀበት።

አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ቆመ። ከኋላ «ናሃግ! ናሃግ!» እያሉ ጮሁ፤ ሾፌር ማለት ነው። እማሆይ ቋሚውን ብረት እንደያዙ ዞረው የተቀመጠች አንዲት ሴት ጭን ላይ ዱብ አሉ። ፌስታላቸው ተቀዶ ብርቱካኑ በወለሉ ተበተነ። ማንም አልተጎዳም፤ ብስክሌተኛውም ዞሮ ሳያይ ሄደ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣

«ምነው ልጄ! በቅሎ ነው ወይስ አውቶቡስ የምትነዳው?» አሉኝ።

ተሳፋሪው ብርቱካኑን ይለቅም ጀመር። እኔም ተነሥቼ ልለቅም ፈለግሁ፤ ግን አልተነሣሁም። መሪውን ደግፌ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ብድግ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እማሆይ ይህን አዩ። ፌርማታቸው ስንደርስ፣ በመሐለኛው በር በመውረድ ፈንታ ወደ እኔ መጡ።

«አሞሃል» አሉኝ።

«ደህና ነኝ እማሆይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግዚአብሔርማ ይመስገን። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ወገብህ ነው።»

መሳቅም ማልቀስም መጣብኝ። «በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«ዕድሜዬን በስግደት የጨረስኩ ሴት ነኝ። ወገቡን የታመመ ሰው አነሣሡን አጣዋለሁ? እኔም ሲብስብኝ ለእመምኔቷ ነግሬ ተቀምጬ ነው የማስቀድሰው። እኔ ብወድቅ ያው አንዲት አሮጊት ናት የምትወድቀው። አንተ ግን ይኸን ሁሉ ሰው ይዘሃል።»

አንድ ብርቱካን ከፊት ለፊቴ አስቀምጠው ወረዱ።

ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩ። ቁልፎቿን ሰብስባ ልትወጣ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወገቤን፣ እግሬን፣ ፍሬኑን። ሰማችኝና መልሳ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መንገዱ ከተቆፈረ ጀምሮ።»

«ምርጡ ሾፌሬ ለምን እንደተበላሸብኝ ሳስብ ነው የከረምኩት» አለች። «ሰነፈ ብዬ ነበር። ሰለቸው ብዬ ነበር። ታመመ ብዬ ግን አላሰብኩም። እኔም ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ከዚያ ያ የፈራሁት መጣ። ሐኪም አይቶ እስኪፈቅድልኝ ድረስ መሪ እንደማልይዝ ነገረችኝ። እስከዚያው የሬዲዮ ክፍል ተቀምጬ ከሾፌሮች ጋር እንድነጋገር አዘዘችኝ። «መንጃህን አልነጠቅሁህም» አለች ፊቴን አይታ፤ «ወገብህን አስተካክለህ ና ነው ያልኩህ።» ለኔ ግን ያው ነበር። የአውቶቡሱን ቁልፍ ሳስረክብ ዩኒፎርሜን ያወለቅሁ ያህል ተሰማኝ።

በማግስቱ፣ በሰንበት፣ አባቴን ለመጠየቅ ቃታሞኒም ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አሁን እድሜው ገፍቷል፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። አጠገቡ ስቀመጥ ፊቴን አኮማተርኩ መሰለኝ፣ «ምን ሆንክ?» አለኝ። ከመሪው እንዳነሡኝ ነገርኩት። እንዲያዝንልኝ ጠብቄ ነበር።

«ደግ አደረገች» አለ።

«አባዬ፣ እርስዎ እኮ ስንት ዓመት ከእሳት ጋር ሲታገሉ አንድ ቀን አመመኝ ሳይሉ ነው የኖሩት።»

«ማነው አላመመኝም ያለህ?»

«ሰምቼዎት አላውቅማ።»

«አንተ ልጅ ነበርክ። ለልጅ ምን ብዬ ልንገር? ለወንድሜ ግን እነግረው ነበር። ክንዴ ሲዝል መዶሻውን ለሱ ሰጥቼ እኔ ወናፍ እነፋለሁ። አንድ ጊዜ ትከሻዬን እያመመኝ፣ እልህ ይዞኝ፣ ማረሻ ቀጠቀጥኩ። ገበሬው ወስዶ ገና ሁለት ትልም ሳያወጣ ተሰበረ። ተሸክሞት መጥቶ ደጄ ላይ ወረወረው። ወርውሮትም ሄደ። ከዚያ ወዲያ አሞኝ መዶሻ አንሥቼ አላውቅም።»

«ሰውስ ምን አለዎት?»

«ምን ይላል? ሰው የሚፈልገው የማይሰበር ማረሻ ነው» አለና ፊቱን ወደ ፀሐይ መለሰ።

ዕድሜ ልኬን የአባቴ ኩራት ዝምታው ይመስለኝ ነበር። ኩራቱ ለካ ማረሻው ነው። ከዚያ በረንዳ ስነሣ ወገቤ እንዳመመኝ ነበር፤ ሐፍረቱ ግን ቀሎኝ ነበር።

ሐኪሙ የአከርካሪዬን ፎቶ አስነሥቶኝ፣ ዲስክ ተንሸራትቶ ነርቭ እንደተጫነ ነገረኝ፤ ቀዶ ሕክምና ግን አያስፈልገውም አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ጠንካራ ነው። እንዴት እንደምተኛ፣ እንዴት እንደምነሣ፣ እንዴት እንደምቀመጥ እንደ አዲስ አስተማረችኝ። በየቀኑ በእግርህ ሂድ አለችኝ፤ ሄድኩ። ባለቤቴም ጫማዋን አድርጋ አብራኝ ትወጣ ነበር። «በሽታህ ለኔም በጀኝ» እያለች ትቀልድብኛለች።

የሬዲዮ ክፍሉን መጀመሪያ እንደ እስር ቤት ነበር የቆጠርኩት። ግማሹን ጊዜ ተቀምጬ ግማሹን ቆሜ፣ የሾፌሮችን ድምፅ አዳምጣለሁ። ጥቂት ሳምንታት ሳልቆይ አንድ ነገር መስማት ጀመርኩ። ጠዋት የሚቀልደው ሰው ከሰዓት በኋላ ንግግሩ ይቆራረጣል። ጥያቄ ስጠይቀው ይቆጣል። ከመነሻው ዘግይቶ ይወጣና መንገድ ላይ ይቸኩላል። ያ ሁሉ የራሴ ድምፅ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ አንድ የቆየ ባልደረባዬ ነው። ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም የመጣ አረብ ነው፤ ለብዙ ዓመት በአንድ መስመር እየተፈራረቅን ነድተናል። አንድ ቀን ፈረቃውን ሲጨርስ ወደ ግቢው ወርጄ ጠበቅሁት። ከአውቶቡሱ የወረደው እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ኋላ፣ ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው ነው።

«ጉልበትህ ነው?» አልኩት።

«ሃኮል በሴዴር» አለኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። «እኔም እንዲሁ ስል ነው የከረምኩት» አልኩት።

እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ልጆች አሉኝ። ከመሪ ካነሡኝስ?» አለ።

«እኔን አንሥተውኛል። ይኸው ቆሜ አዋራሃለሁ፤ ሊመልሱኝም ነው። አንድ ተሳፋሪ ወድቆ ከመሪ ከምንነሣ፣ ማንም ሳይወድቅ እንናገር።»

ተያይዘን ኃላፊዋ ዘንድ ገባን። እሷም በሳምንቱ ሾፌሮቹን ሰብስባ «የሚያመው ሰው ካለ ይናገር» አለች። ጠረጴዛውን ደግፌ ተነሣሁና በፍሬኑ የሆነውን፣ ብርቱካኑ በወለሉ እንደተበተነ ሳይቀር ተናገርኩ። ዕብራይስጤ ሲደነቃቀፍም አልተውኩትም። እኔ ስቀመጥ ባልደረባዬ ተነሥቶ ስለ ጉልበቱ ተናገረ። ከኋላ አንዱ «የሽማግሌዎች መጦሪያ መሰለ» ብሎ አላገጠ። አጠገቡ የነበረው ግዙፍ ሩሲያዊ ሾፌር ዞሮ አየውና፣ «እኔ አንገቴን ማዞር ካቃተኝ ሰነበተ፤ መስተዋት የማየው በሙሉ ሰውነቴ ዞሬ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ወሬው አልቆመም። መጨረሻው ፌርማታ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ የሚነዳ፣ ኩላሊቱን የታመመ ሰው እንኳ ነበረ። በስንት ዓመት አብሮነት ይህን አናውቅም ነበር።

ሁሉም ነገር ባንድ ቀን አልተስተካከለም፤ ዛሬም ያልተስተካከለ አለ። ኃላፊዋ ግን ለራሷ አለቆች ደጋግማ ጮኸች። ስፕሪንጋቸው የሞተ ወንበሮች አንድ በአንድ ተቀየሩ። መጨረሻው ፌርማታ አጠገብ ያለ ሱቅ መጸዳጃውን ለሾፌሮች እንዲከፍት ተስማማ። ሾፌሩ ወርዶ እግሩን እስኪዘረጋ ድረስ የመመለሻው ሰዓት ትንሽ ተራዘመ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም መጥታ በግቢው ውስጥ አሰለፈችንና ስንተጣጠፍ ዋልን። ያላገጠው ሰውዬ ከፊት ነበር የቆመው። በኋላ ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ አቁማኝ፣ «አቤቱታው ቀንሷል፤ ታመምኩ ብሎ የሚቀረውም ቀንሷል። ሰው አመመኝ ማለት ሲጀምር ሥራው የሚቆም መስሎኝ ነበር» አለች። ከሷ አፍ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

እኔም ተመለስኩ። የመጀመሪያው ጠዋት ወንበሬን በደንብ አስተካክዬ፣ መስተዋቶቼን አይቼ፣ ከግቢው ስወጣ ባልደረቦቼ ክላክስ አሰሙልኝ። ለአንዲት ባለ ጋሪ አሮጊት ወለሉን ዝቅ አድርጌ ስጠብቅ፣ ገና በጠዋቱ ላብ አጥምቆኝ ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

ወገቤ ጨርሶ ድኗል ማለት አይደለም። ባለፈው ክረምት፣ ብርድና ዝናብ በበረታበት አንድ ቀን፣ ያ ንዝረት ጭኔ ላይ ተመልሶ ጀመረኝ። የሬዲዮውን መነጋገሪያ አነሣሁ። በሬዲዮ የሚነገረውን የመስመሩ ሾፌር ሁሉ ይሰማዋል።

«ወገቤን አሞኛል። ይህን ዙር ሳልጨርስ የሚተካኝ እፈልጋለሁ» አልኩ።

ወዲያው የዚያ የአረቡ ባልደረባዬ ድምፅ መጣ፤ «እረፍት ላይ ነኝ፣ ቅርብ ነኝ። ነቢያት ጎዳና ላይ ጠብቀኝ።»

ጃንጥላ ይዞ ፌርማታው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለተሳፋሪዎቹ ዞሬ «እኔ ስላመመኝ ከዚህ ወዲያ የሚወስዳችሁ ወንድሜ ነው» አልኳቸው። አንዱ ሰዓቱን እያየ አጉረመረመ። አንዲት ሴት ግን «ረፉአ ሽሌማ» አለችኝ፤ ሙሉ ጤና ይስጥህ ማለት ነው። ባልደረባዬ ወንበሩን በቁመቱ ልክ አስተካክሎ፣ ጃንጥላውን ለኔ ሰጥቶኝ፣ አውቶቡሱን ቀስ ብሎ አስነሣ።

እኔ አስፋልቱ ዳር ቀረሁ። ሐኪም እንዳዘዘኝ ትንሽ ልራመድ ብዬ በኢትዮጵያ ጎዳና ዳገቱን ያዝኩ። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነበር። በግንብ አጥሮቹ መካከል ቀስ እያልኩ ስሄድ፣ ካርታ የያዘ አንድ ሰውዬ ዝናብ እየመታው መጣና አስቆመኝ።

«አንተ የአውቶቡስ ሾፌር ነህ? መንገድ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አዎ፣ ነኝ» አልኩት፤ ጃንጥላውን ከሱም በላይ እየዘረጋሁ። «የት ነው መሄድ የፈለግኸው?»